ቱርቦ መኪና በቡታ ጋዝ ይሄዳል ወይ? ከደብረ ማርቆስ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሱባሩ ኢምፕሬዛ አለኝ። የቤንዚን ወረፋ ስላማረረኝ ወደ ጋዝ ላስቀይረው ነው። አንድ ጋራዥ የቤት ማብሰያ ሲሊንደር ከኋላ አስሮ፣ ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ሚክሰር ገጥሞ በሁለት ቀን እንደሚያስረክበኝ ነገረኝና ቀብድ ከፈልኩ። የጋዝ ኦክቴን ከ110 በላይ ስለሆነ የቱርቦውን ግፊት ከፍ ብናደርገው ጉልበት ይጨምራል ብሎኛል። ሌሎች ደግሞ ጋዝ ሞተር ያቃጥላል ይላሉ። የማን ልክ ነው? በወር ሁለት ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።»

ምላሽ፦ ጋራዡ ያቀረበልዎትን ሥራ አያሠሩ። ቱርቦ ሞተር፣ ማለትም አየር ተጨምቆ የሚገባለት ሞተር፣ በቡታ ጋዝ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ የሚገባው ዕቃ ከተገጠመለት ጥሩ አድርጎ ይሠራል፣ ጉልበቱም ያን ያህል አይቀንስም። የተባለልዎት ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሊንደሩ፣ ሚክሰሩና የኦክቴኑ ስሌት እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ሞተር ለመግደል ይበቃሉ፤ ሲሊንደሩማ ሰውም ይገድላል።

ቡታ ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ነው። ምድጃ የሚጠቀመው ከላይ የሚጠራቀመውን ትነት ነው። ፈሳሹ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት የሚያገኘው ደግሞ ከሲሊንደሩ ብረትና ከዙሪያው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ 12 ኪሎ ገደማ የሚይዝ ሲሊንደር ሳይቀዘቅዝ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ያህል ነው። የእርስዎ ሱባሩ ሜዳ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ረጋ ብሎ ሲሄድ እንኳ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይፈልጋል፤ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠየቅ ከ40 ኪሎ ያልፋል። ጥቂት ደቂቃ እንደሄዱ ሲሊንደሩ ውጪው በረዶ ይለብሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ለሞተሩ የሚደርሰው ጋዝ ያንሳል። አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስበት ነው ቱርቦ ሞተር የሚቃጠለው።

ይህ ሲገጥመው ሲሊንደሩን አጋድሞ ወይም ገልብጦ ፈሳሹን የሚያወጣ መካኒክ አለ። ያኔ ለምድጃ ተብሎ፣ 0.03 ባር ገደማ ግፊት እንዲያሳልፍ በተሠራ መቆጣጠሪያና ጎማ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ ይገባል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን ወደ 250 ሊትር ትነት ይሆናል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በመስኮት አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል። አየር ውስጥ 2 በመቶ ብቻ ሲሆን ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው።

የመኪና ታንክ ለዚህ ሥራ የተሠራ ሌላ ዕቃ ነው። «67 አር» የሚለውን የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥርና የተመረተበትን ዓመት አካሉ ላይ ታትሞ ያገኙታል። ፈሳሹን ከታች ይስባል። 80 በመቶ ሲሞላ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ፣ ቱቦ ቢበጠስ ፍሰቱን የሚያፍን ቫልቭ፣ ግፊቱ 27 ባር አካባቢ ሲደርስ የሚያስተነፍስ ቫልቭ፣ እንዲሁም በቃጠሎ ጊዜ 120 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ጋዙን የሚለቅ መተንፈሻ አለው። እነዚህ ሁሉ አየር በማያሳልፍ ሳጥን ተሸፍነው ሳጥኑ በሰፊ ቱቦ ከመኪናው ሥር ወደ ውጭ ይተነፍሳል።

ከእነዚህ ውስጥ ባለሙያ ነኝ ባዮች ቶሎ የሚነቅሉት የ80 በመቶውን ቫልቭ ነው፤ «ብዙ ይያዝልህ» ብለው። በእርስዎ መንገድ ይህ ምን እንደሚያመጣ ይመልከቱ። ደብረ ማርቆስ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ የተሞላ ታንክ ደጀንን አልፎ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃ ውስጥ 40 ዲግሪ ቢደርስ፣ ፈሳሹ ከ7 እስከ 9 በመቶ ያብጣል። ባዶ ቦታ ያልተተወለት ታንክ ውስጥ ያ እብጠት መሄጃ የለውም፤ ፈሳሽ አይጨመቅም። አስተንፋሹ ቫልቭ ካለና ከሠራ፣ ጋዙ በቁልቁለቱ መሀል ከፊትና ከኋላ በተሰለፉ ከባድ መኪኖች መካከል ይለቀቃል። ቫልቩ ካልሠራ ታንኩ ይፈነዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጋዙ ራሱ ነው። የምናበስልበት ቡታ ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ሲሆን የሁለቱ መጠን ከጭነት ጭነት ይለያያል። ለምድጃ ግድ የለውም፣ ለቱርቦ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፕሮፔን በ10 ዲግሪ ሙቀት 6.4 ባር ገደማ ግፊት አለው፤ ቡቴን በዚያው ሙቀት 1.5 ባር ብቻ ነው (ሁለቱም ከፍጹም ባዶ ጀምሮ ሲለኩ)። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው። ቱርቦዎ በዚያ ላይ 0.8 ቢጨምር ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ 1.56 ባር ይሆናል። የጋዝ ኢንጀክተር በትክክል ለመርጨት ከማኒፎልዱ ግፊት 1.2 ባር ያህል በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሪዱሰሩ፣ ማለትም ፈሳሹን በሞተሩ ሙቅ ውሃ አትንኖ ግፊቱን የሚያወርደው ክፍል፣ 2.8 ባር ያህል ማውጣት አለበት፤ ከታንኩ የሚደርሰው ከዚያ ካነሰ ከየትም አያመጣውም። ቡቴን የበዛበት ጋዝ በብርድ ጠዋት ይህን አይሰጥም። በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ) ጥሩ ይሠራል፣ ከተማ ውስጥም ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ቱርቦው ሲገባ ይደርቃል።

ሦስተኛው ሚክሰሩ ነው። ሚክሰር ለካርቡራተር ዘመን ሞተር የተሠራ ነው፤ አየሩ ሲያልፍ ጋዙን እየሳበ ይቀላቅላል። ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ከተገጠመ ከቱርቦው በፊት ነው ማለት ነው። ያኔ ቱርቦው፣ ቱቦዎቹ፣ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) እና ማኒፎልዱ በሙሉ ለመቀጣጠል በተዘጋጀ ድብልቅ ይሞላሉ። አንድ ካንዴላ ቢስት ወይም እሳቱ በቫልቭ ወደ ኋላ ቢመለስ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ በትንሹ ቱቦዎቹ ይበጣጠሳሉ። ብዙ ልጆች ለፉጨቱ ብለው የሚያስገጥሙት፣ የቱርቦውን አየር ወደ ውጭ የሚተፋ ቫልቭ ካለዎት ደግሞ ፔዳሉን በለቀቁ ቁጥር ያ ድብልቅ በጋለው ቱርቦ አጠገብ ኮፈኑ ሥር ይረጫል። (በቤንዚንም ቢሆን ያ ቫልቭ ለዚህ መኪና ጥሩ አይደለም፤ ሴንሰሩ አስቀድሞ የለካውን አየር ስለሚጥል ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያበዛል። ፉጨቱ ይቅርብዎት።)

ስለ ኦክቴኑ፣ ማለትም ነዳጁ በግፊት ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ስላለው የመቋቋም ልክ፣ የተነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። የንጹሕ ፕሮፔን ኦክቴን 110 አካባቢ ነው፤ የተራ ቡቴን ግን 94 ገደማ ነው። የገዙት ድብልቅ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ካላወቁ 110 ብለው የቱርቦ ግፊት መጨመር በማያውቁት ነገር መወራረድ ነው። ድብልቁን ቢያውቁት እንኳ መኪናው ጋዙ ሲያልቅ በራሱ ወደ ቤንዚን ይመለሳል። ጋዙ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ መሀል ዳገት ላይ ቢያልቅ፣ ለ110 ኦክቴን ከፍ የተደረገው ግፊት በዚያች ቅጽበት ለቤንዚን ይሆናል። ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ የፒስተኑ የፋሻ መቀመጫ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለት ነዳጅ የሚጠቀም ቱርቦ መኪና ግፊቱ የሚወሰነው በደካማው ነዳጅ ነው።

«ጋዝ ሞተር ያቃጥላል» የሚሉት ሰዎች ያዩት ነገር አለ፤ ምክንያቱን ነው የሳቱት። ጋዝ ከቤንዚን በተለየ ሁኔታ የሚያቃጥል እሳት የለውም። የሚያቃጥሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በሙሉ ፔዳል ጊዜ የነዳጅ ማነስ ነው። ፋብሪካው ቱርቦ ሞተር ላይ ጭነት ሲበዛ ሆን ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ ትርፉ ቤንዚን ፒስተኑንና ቫልቩን ያቀዘቅዛል። ጋዙ በትነት መልክ ሲገባ ይህ ማቀዝቀዝ የለም፤ በዚያ ላይ ኢንጀክተሩ ጠቦ ነዳጅ ካነሰ የማርሚታው ሙቀት ወዲያው ይወጣል። አስቸጋሪው ነገር ሾፌሩ ምንም አለማየቱ ነው። መኪናው ላይ ያለው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር በሙሉ ፔዳል ጊዜ ነዳጅ ለማረም አያገለግልም፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ብዙ ጊዜ አይበራም። መኪናው እንዲያውም ቀለል ያለ ይመስላል። አንድ ቀን ከሞተሩ ሲሊንደሮች አንዱ መሥራት ያቆማል፣ ቴስታታው ሲከፈት ፒስተኑ ተበልቶ ይገኛል።

ሁለተኛው የቫልቭ መቀመጫ መበላት ነው። ቤንዚንና ተጨማሪ ቅመሞቹ በቫልቩና በመቀመጫው መካከል ስስ ሽፋን ይተዋሉ፤ ጋዝ ደረቅ ስለሆነ ያንን አይሰጥም። መቀመጫው ሲበላ ቫልቩ ወደ ላይ ይገባል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ በመጨረሻም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተውና ይቃጠላል። አብዛኛው የሱባሩ ባለ ሁለት ካም ቱርቦ ሞተር ክፍተቱን በራሱ የሚያስተካክል ዘይታዊ ታፔት የለውም። ስለዚህ ከጋዝ በፊት የየቫልቩ ክፍተት ተለክቶ ይጻፍ፤ ከመጀመሪያው 10,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ይለካ፤ የጭስ ማውጫዎቹ ቫልቮች እየጠበቡ መሆን አለመሆናቸውን ያሳይዎታል። ካልጠበበ በየ20,000 ይበቃል። በማኒፎልዱ የሚንጠባጠቡ የቫልቭ መከላከያ ፈሳሾች መበላቱን ያዘገዩ እንደሆነ እንጂ አያስቀሩትም። በዚህ መኪና ሞተሩ ከግራና ከቀኝ ከቻሲው ጋር ስለሚጣበቅ ይህ ልኬት አድካሚ ነው፤ «አያስፈልግም» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ሥራ ምን ይመስላል? ለእያንዳንዱ የሞተር ሲሊንደር የራሱ የጋዝ ኢንጀክተር ያለው፣ የቤንዚኑን ኮምፒውተር የመርጨት ጊዜ እያነበበ ወደ ጋዝ የሚቀይር ዘዴ ነው። ጋዙ የሚገባው ከቫልቩ አፍ ላይ ስለሆነ ቱርቦውና ኢንተርኩለሩ ንጹሕ አየር ብቻ ይይዛሉ። ሪዱሰሩ ከሞተሩ ጉልበት ቢያንስ ሩብ ያህል በላይ እንዲሸከም ሆኖ ይመረጥ፤ ለ160 ኪሎዋት ሞተር 200 ኪሎዋት የተጻፈበት ማለት ነው። በሙሉ ጭነት ጋዙን ለማትነን ብቻ 5 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ከራዲያተሩ ውሃ ይወስዳል። ከሪዱሰሩ ወደ ማኒፎልዱ የምትሄደው ቀጭን የግፊት ቱቦ ከቱርቦው በኋላ ካለው ቦታ መገናኘት አለባት፤ ቱርቦው ግፊት ሲጨምር የጋዙም ግፊት እኩል የሚጨምረው በእሷ ነው። ይህች ቱቦ ተረስታ ወይም በተሳሳተ ቦታ ገብታ የተቃጠሉ ሞተሮች አሉ። ከታንክ እስከ ሪዱሰር ለዚህ ጉልበት የ6 ሳይሆን የ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይዘርጋ።

ኢንጀክተሩን ለመምረጥ ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 6,500 ዙር ላይ አንድ ሙሉ ዑደት 18.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የጋዝ ኢንጀክተር የሚከፈትበት ጊዜ ከዚህ ከበለጠ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ነዳጁም ያንሳል። ከ16 እንዳይበልጥ ያድርጉ። ለእርስዎ ሞተር ከማኒፎልዱ በ1 ባር በሚበልጥ ግፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ኖዝል (ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ያስፈልጋል፤ ያን ያህል የሰፋ ኖዝል ግን በሚኒሞ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ግፊቱን ወደ 1.4 ባር ከፍ አድርጎ ኖዝሉን ማጥበብ ይሻላል። ለኖዝሎቹ ማኒፎልዱ የሚበሳው ወልቆ ነው፤ በቦታው እንዳለ በትራፓኖ የሚበሳ መካኒክ የአሉሚኒየም ብናኝ ወደ ሲሊንደሩ ይልካል። ከኢንጀክተር እስከ ኖዝል ያለው ጎማ ከ20 ሴንቲ ሜትር አይርዘም፣ አራቱም እኩል ይሁኑ።

ካንዴላውን ችላ አይበሉ። የጋዝ ድብልቅ ለመቀጣጠል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። በቤንዚን ሳይታወቅ የኖረ ደካማ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) በጋዝ ወዲያው ይጋለጣል። አዲስ ካንዴላ፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ቱርቦ ስለሆነ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆነው ይግባ። የውሃውን መስመር ከፍተው ሲዘጉ ደግሞ አየሩን በደንብ ያውጡ፤ ሱባሩ አየር የሚይዝ መኪና ነው። አየር ሪዱሰሩ ውስጥ ከቀረ ሪዱሰሩ በረዶ ሠርቶ ፈሳሽ ጋዝ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይለቃል።

ማስተካከሉ የሚጠናቀቀው በሰፊ ክልል የሚለካ ላምዳ ሴንሰር (የአየሩንና የነዳጁን ምጣኔ የሚያሳይ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ነዳጅ አንሷል ማለት ነው) ማርሚታው ላይ ታስሮ፣ ላፕቶፕ ተከፍቶ፣ መንገድ ላይ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በሚኒሞ የተስተካከለ ቱርቦ አልተስተካከለም። ሙሉ ፔዳል ላይ ላምዳው ከ0.82 እስከ 0.88 ባለው ውስጥ ይቆይ፤ ከ0.90 ካለፈ እግርዎን ያንሱ። ለጎጃም ሰው ከደጀን እስከ ዓባይ ያለው መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከ2,400 ሜትር ወደ 1,100 አካባቢ ሲወርዱ የአየሩ ግፊት ከ0.76 ወደ 0.89 ባር ይወጣል። ላይ በደብረ ማርቆስ ስስ አየር ልክ የሆነ ሞተር ታች ብዙ አየር ያገኛል፣ ብዙ ነዳጅም ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ሙቀቱና ረጅሙ ዳገት አለ። እዚያ ያላነሰ ነዳጅ ሌላ ቦታ አያንስም። እዚያ ካነሰ፣ ኮምፒውተሩ ከ5,000 ዙር ወይም ከተወሰነ የቱርቦ ግፊት በላይ በራሱ ወደ ቤንዚን እንዲመለስ ይደረጋል። ለእኔ ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ለቱርቦ መኪና ከሁሉ የሚሻለው አሠራር እንዲያውም ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያትዎ፣ ወደ ወረፋው። ጋዝ ከቤንዚን ወረፋ ሙሉ በሙሉ አያወጣዎትም። መኪናው ሁልጊዜ የሚነሳው በቤንዚን ነው፤ የሞተሩ ውሃ 35 ወይም 40 ዲግሪ ሲደርስ ነው ወደ ጋዝ የሚሻገረው፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ይህ ደቂቃዎች ይወስዳል። የቤንዚን ፓምፑም የሚቀዘቅዘው ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ስለሆነ ታንኩ ከሩብ በታች ከዋለ ሊቃጠል ይችላል።

ሒሳቡን ደግሞ ራስዎ ይሥሩት። በሊትር ሲለካ ጋዝ ከቤንዚን ከ20 እስከ 30 በመቶ የበለጠ ይበላል። በኪሎ ከገዙት 1 ኪሎ ጋዝ የ1.4 ሊትር ቤንዚን ሥራ ይሠራል። አንድ ባለ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር የ17.5 ሊትር ቤንዚን ያህል ነው። ዛሬ ሲሊንደሩን የሚያስሞሉበት ዋጋ ከ17.5 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከበለጠ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እየከሰሩ ነው፤ የመግጠሚያው ወጪ ገና ሳይነሳ። በስኮርታው ጉድጓድ ባለ 54 ሊትር ክብ ታንክ ቢገባልዎት የሚሞላው 43 ሊትር ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስኬዳል። አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ እዚያም እዚህም መሙያ ያስፈልግዎታል። ከምድጃ ሲሊንደር ወደ መኪና ታንክ በጎማ ማንቆርቆር መሙላት አይባልም።

በሶማሌ ክልል ያለውን የካሉብን ጋዝ ተስፋ አድርገው እንዳይጠብቁ፤ እሱ ሜቴን ነው። 200 ባር የሚችል ሌላ ታንክና ሌላ ዕቃ ይፈልጋል፣ ለቡታ ጋዝ ከተገጠመው ጋር አይቀያየርም።

ምክሬ ይህ ነው። በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ የመኪና ታንክ በፓምፕ የሚሞላ፣ የፕሮፔኑን መጠን በጽሑፍ የሚነግርዎት ቦታ በስም መጥራት ካልቻሉ አያስቀይሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተወሰነ ያለዎትን ሞተር ቢያጡት መተካቱ ከበድ ይላል። ገንዘቡን የቱርቦ ቱቦዎችን ፍሳሽ ለማስፈተሽ፣ የደከመ ኦክስጅን ሴንሰርና ቴርሞስታት ለማስቀየር ያውሉት፤ እነዚህ ሲበላሹ ቤንዚን ያለ ሥራ ይበላሉ።

ሁለቱም መሙያ ካለዎት ደግሞ ወደዚያው ጋራዥ ይመለሱና የታንኩን የ«67 አር» ማኅተም፣ የሪዱሰሩን ኪሎዋት፣ ላምዳ መለኪያውንና የፕሮግራም ማድረጊያ ገመዱን ያሳዩኝ ይበሉ። ሲጨርሱ መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሹ፤ ሥራው መኪና በሚታይበት ጉድጓድ ላይ አይሁን፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የነዳጅ ዓይነትና የኢንሹራንስ ውሉ ከለውጡ ጋር እንዲስማሙ ያድርጉ። ከጠየቋቸው አራት ዕቃዎች አንዱን ማሳየት ካልቻሉ ቀብድዎን ተቀብለው ይውጡ፤ ቀብዱን አንመልስም ቢሉ እንኳ የቀብዱ ገንዘብ ከአንድ ቴስታታ ጥገና ያንሳል።